በአንድ ሽቦ ስለሚሄዱ ብዙ መረቦችና በየበሩ ስለ ተጻፈው ቁጥር

ሰው ቤት ሲሠራ ክፍልን ከክፍል የሚለየው በግድግዳ ነው። የሒሳብ ሹሙ ክፍል ከባለጉዳዩ መቆያ አዳራሽ፣ መዝገብ ቤቱም ከእንግዳ ማረፊያው በግንብና በበር ይለያል፤ በሩም ቁልፍ አለው፤ ቁልፉንም የሚይዝ ሰው አለ። በዛሬ ዘመን ግን በየክፍሉ ያሉት ኮምፒዩተሮች ሁሉ ሽቧቸው በግድግዳው ውስጥ እየሾለከ ሄዶ ወደ አንድ ጠባብ ጓዳ ይገባና በአንድ የብረት ሣጥን ላይ ይሰካል። ይህም ሣጥን ስዊች ይባላል። በውጭ በግንብ የተለያየው ሁሉ በዚህ ሣጥን ውስጥ አንድ ላይ ይገናኛል። እንግዲህ የሒሳቡ መዝገብ ወደ እንግዳው ኮምፒዩተር እንዳይደርስ የሚከለክለው ምንድር ነው? ግንብ እንዳይባል ግንብ የለም፤ ቁልፍ እንዳይባል ቁልፍ የለም። የሚከለክለው በሣጥኑ ማስታወሻ ውስጥ በእያንዳንዱ መሰኪያ አንጻር የተጻፈ አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩ በትክክል የተጻፈ እንደ ሆነ እንደ ግንብ ይጸናል፤ ተሳስቶ የተጻፈ እንደ ሆነ ግን ግንቡ እንዳልነበረ ይሆናል፤ መፍረሱንም በዓይኑ የሚያይ ሰው አይገኝም።

ይህ ቁጥር ከየት እንደ መጣና እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ነገሩን ከሥሩ መጀመር ይገባል። (ከዚህ በታች የተጻፈው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ በካሊፎርኒያ፣ በፓሎ አልቶ ከተማ በነበረው በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ቤት ሮበርት ሜትካፍና ዴቪድ ቦግስ የሚባሉ ሰዎች ኤተርኔት የተባለውን የመረብ ሥርዐት ማበጀት ጀመሩ። አሳቡ ቀላል ነበር። አንድ ወፍራም ሽቦ ይዘረጋል፤ ኮምፒዩተሮች ሁሉ ከእርሱ ጋር ይያያዛሉ፤ አንዱ ሲናገር ሁሉም ይሰማሉ፤ ነገሩ የማይመለከተው ግን ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፈዋል። ይህም ሰው በገበያ መካከል ቆሞ ወዳጁን በስሙ እንደሚጣራ ያለ ነው፤ ድምፁ ወደ ሁሉ ጆሮ ይደርሳል፤ ዘወር ብሎ የሚመልስለት ግን ስሙ የተጠራው ብቻ ነው።

የሚላከው ቃል ፍሬም በሚባል ጥቅል ይታሰራል። ፍሬምም እንደ ደብዳቤ ያለ ነው፤ የሚሰፈረውም በባይት ነው። አንድ ባይት አንድ የላቲን ፊደል የሚጻፍበትን ያህል ቦታ ማለት ነው፤ የግእዝ ፊደል ግን ዛሬ በተለመደው የኮምፒዩተር አጻጻፍ 3 ባይት ይወስዳል። በፍሬሙ ራስ በ6 ባይት የተቀባዩ አድራሻ፣ በሚቀጥለው 6 ባይት የላኪው አድራሻ፣ ከዚያም በ2 ባይት የይዘቱ ዓይነት ይጻፋል። ይዘቱ ከ46 እስከ 1500 ባይት ነው። በመጨረሻም ጥቅሉ በመንገድ አለመበላሸቱ የሚታወቅበት የ4 ባይት መመርመሪያ ይታተምበታል። ሁሉ ተደምሮ ከ1518 ባይት እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ይህን ቁጥር አንባቢ ያስታውሰው፤ በኋላ ያስፈልጋል።

ኮምፒዩተሮች ሲበዙ አንዱ ሽቦ ጠበበ። ስለዚህ እንደ ብልህ ፖስተኛ የሚያስተውል ሣጥን ተፈጠረ፤ ማንኛው አድራሻ በየትኛው መሰኪያ በኩል እንደሚገኝ ከሚመጣው ፍሬም የላኪውን ስም እያነበበ ይማራል፤ ከዚያም በኋላ ደብዳቤውን ለባለቤቱ ብቻ ያደርሳል። በ1990 ዓ.ም. ካልፓና የተባለ ኩባንያ ሰባት መሰኪያ ያለውን የመጀመሪያውን የኤተርኔት ስዊች ለገበያ አወጣ። ነገር ግን አንድ ችግር ቀረ። አድራሻው ገና ያልታወቀ ፍሬም ሲመጣ፣ ወይም ላኪው «ለሁሉም» ብሎ ሲጽፍ፣ ስዊቹ ቅጂውን በመሰኪያው ሁሉ ከመበተን ሌላ መንገድ የለውም። ሺህ ኮምፒዩተር ባለበት ቤት አንዱ የሚጮኸውን ሺሁ ይሰማል፤ ምስጢርም ካለበት ምስጢሩ ይበተናል።

መለያ ቁጥር በፍሬም ላይ መለጠፍን ያሰቡት ሰዎች ግን መጀመሪያ ያስጨነቃቸው ይህ የምስጢር ነገር አልነበረም። ዴቪድ ሲንኮስኪ በቤልኮር የስልክ ምርምር ድርጅት ሲሠራ ይመረምረው የነበረ ነገር ብዙ የኤተርኔት መረቦችን አገናኝቶ ብዙ ቃል ማሳለፍ የሚቻልበትን መንገድ ነበር። በዚያ ዘመን ሣጥኖቹ በክብ የተያያዙ እንደ ሆነ «ለሁሉም» የተባለው ፍሬም እንደ ወፍጮ በሬ ሲዞር ይውላል፤ መረቡንም ያንቀዋል። ለዚህ መድኀኒቱን ራዲያ ፐርልማን የተባለች ሴት በ1985 ዓ.ም. አወጣች፤ እርሷም ባወጣችው ሥርዐት ሣጥኖቹ እርስ በርሳቸው እየተነጋገሩ ክቡን ቈርጠው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያደርጉታል። ነገር ግን የተቈረጠው ሽቦ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ሲንኮስኪም በፍሬሙ ላይ እንደ ቀለም ያለ ምልክት ቢደረግስ ብሎ አሰበ፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እየተባለ ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ዛፍ ቢኖረው በአንዱ ዛፍ ሥራ የፈታው ሽቦ በሌላው ይሠራል። ይህንም ነገር ከቼዝ ኮተን ጋር በ1988 ዓ.ም. ጽፈው አሳተሙት። እንግዲህ መለያው የተወለደው ለማብዛት ነበር፤ ያደገው ግን ለመለየት ነው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ ላይ የሚውለው ከሁሉ ይልቅ ለመለየት መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

ከዚህ በኋላ ኩባንያዎች በየራሳቸው መንገድ ሄዱ። ሲስኮ የተባለው ኩባንያ ፍሬሙን በሙሉ በሌላ ልብስ ይጠቀልለው ነበር፤ ልብሱም በራሱ 26፣ በእግሩ 4፣ ጠቅላላ 30 ባይት ይመዝን ነበር። የአንዱን ኩባንያ ልብስ የሌላው ሣጥን መግፈፍ አያውቅም ነበርና ገዢው ሁሉ ለአንድ ሻጭ ተገዢ ሆነ። በ1998 ዓ.ም. የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር 802.1 ኪው የተባለውን የጋራ ደንብ አወጣ። ቪላን የሚባለው ሐሳባዊ መረብ፣ ይኸውም ሽቦው አንድ ሆኖ ሳለ በቁጥር ብቻ የተለየው መረብ፣ ለሁሉ የጋራ ቋንቋ ያገኘው በዚህ ደንብ ነው።

የደንቡ መለያ ታግ ይባላል፤ ርዝመቱም 4 ባይት ብቻ ነው። የሚገባውም ከላኪው አድራሻ ቀጥሎ፣ ከይዘቱ ዓይነት በፊት ነው። የመጀመሪያው ሁለት ባይት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ በአሥራ ስድስት መደብ አጻጻፍ 8100 ተብሎ ይጻፋል፤ ትርጓሜውም «ከዚህ ቀጥሎ መለያ አለ» ማለት ነው። የቀሩት ሁለት ባይት 16 ቢት ይሆናሉ፤ 3ቱ ቢት የትኛው ፍሬም መቅደም እንደሚገባው ይናገራሉ፤ አንዱ ቢት መንገዱ በተጨናነቀ ጊዜ ሊጣል የሚችለውን ያሳያል፤ የቀሩት 12 ቢት የመረቡ ቁጥር ናቸው። በ12 ቢት 4096 ቁጥር ይጻፋል፤ ነገር ግን 0ና 4095 ለሌላ ተጠብቀዋልና ለሥራ የሚቀረው 4094 ነው። 0 ሲጻፍ «ቅድሚያዬን ብቻ ተመልከት፤ መረቤን አልተናገርሁም» ማለት ነው።

መለያው ሲገባ ፍሬሙ በ4 ባይት ይረዝማል። ከላይ የተነገረው 1518 በዚህ ምክንያት 1522 ሆነ፤ ይህም በዚያው በ1998 ዓ.ም. በደንብ ተፈቀደ። አሮጌ ዕቃ ግን አዲሱን ደንብ አያውቅም፤ ሙሉ የሆነውን ፍሬም «ከልክ አልፏል» ብሎ የሚጥል ነበረ። እንዲህ ያለው ዕቃ በመካከል ቢገኝ አጭሩ መልእክት ሲያልፍ ረጅሙ ይጠፋል፤ ሠራተኛውም ምክንያቱን ፍለጋ ብዙ ይደክማል። ደግሞ መለያ በገባና በወጣ ቁጥር የፍሬሙ ቃል ስለሚለወጥ የመጨረሻው መመርመሪያ እንደ ገና መቈጠር አለበት፤ ይህን ስዊቹ ራሱ ከዓይን ጥቅሻ በፈጠነ ጊዜ ይፈጽመዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ይደረሳል። በጠረጴዛ ላይ ያለው ተራ ኮምፒዩተር ስለ መለያ ምንም አያውቅም። ፍሬሙን ያለ ቁጥር ይልካል፤ ያለ ቁጥርም ይቀበላል። ታዲያ ቁጥሩን ማን ይሰጠዋል ቢሉ፣ የገባበት በር ይሰጠዋል። በር የተባለው ባለሙያዎች ፖርት የሚሉት መሰኪያ ነው። በእያንዳንዱ በር አንጻር ፒቪአይዲ የሚባል አንድ ቁጥር ተጽፏል፤ ያለ መለያ የመጣ ፍሬም ሁሉ በገባበት በር ቁጥር ይጠራል። በኬላ እንደሚሆነው ነው፤ ነጋዴው ከየት እንደ መጣ ባይናገርም በምሥራቁ ኬላ ከገባ የምሥራቅ ተብሎ ይመዘገባል። ስዊቹ ከፋብሪካ ሲወጣ በሁሉ በር ላይ የሚገኘው ቁጥር 1 ነው፤ ስለዚህ ማንም ሳይነካው ቢሰካ ሁሉ በአንድ መረብ ይውላል።

ብዙዎችን የሚያሳስታቸው ይህ ቁጥር የሚገዛው መግባትን ብቻ መሆኑ ነው። መውጣትን የሚገዛ ሌላ መዝገብ አለ። በዚያ መዝገብ በእያንዳንዱ መረብ ሥር የትኛው በር አባል እንደ ሆነ፣ ፍሬሙም በዚያ በር ሲወጣ መለያውን እንደ ለበሰ ወይስ ገፎ እንዲሄድ ተጽፏል። ሁለቱ መዝገቦች የተለያዩ ናቸው፤ ሊስማሙም ሊጣሉም ይችላሉ። በአንዳንድ ስዊች ሠራተኛው «ይህ በር የ20 ነው» ብሎ በአንድ ትእዛዝ ሁለቱን ይጽፋል፤ በርካሹ ስዊች ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱ በተለያየ ገጽ ላይ ናቸውና አንዱን ጽፎ ሌላውን መርሳት ይመጣል።

ለምሳሌ አንድ ሐኪም ቤት ይታሰብ። የሕሙማን መዝገብ በመረብ 10፣ ሒሳቡ በመረብ 20፣ የእንግዶች ኢንተርኔት በመረብ 30 ይሁን። ሠራተኛው በር 5ን ለሒሳብ ክፍል ለመስጠት ፈልጎ በመውጫው መዝገብ በ20 ሥር አባል አደረገው፤ ፒቪአይዲውን ግን ሳይነካ በ1 ተወው፤ ከ1 አባልነትም አላስወጣውም። ምን ይሆናል? በመረብ 20 «ለሁሉም» ተብሎ የተጣለው ነገር በበር 5 ይወጣል፤ ከበር 5 የሚገባው ግን ወደ መረብ 1 ይሄዳል። ያ ኮምፒዩተር የ20ን ነገር ይሰማል፤ የእርሱን ነገር ግን በ20 ውስጥ የሚሰማው የለም። ከዚህም የሚከፋው በመረብ 1 አድራሻ የሚያድል ማሽን ካለ ኮምፒዩተሩ ከዚያ አድራሻ ተቀብሎ ኢንተርኔት ይከፍታል፤ የበሩም መብራት አረንጓዴ ሆኖ ይበራል፤ ተጠቃሚው «ይሠራል» ይላል፤ ሠራተኛውም ምስጋና ተቀብሎ ይሄዳል። የሒሳብ ክፍሉ ቃል በማይገባው በር እየወጣ ለስንት ወር እንደሚቆይ የሚናገር ደወል የለም።

ስለ ስም መመሳሰልም አንድ ነገር መናገር ይገባል። በሣጥኑ ፊት ላይ የታተመው የበር ተራ ቁጥር ሌላ ነው፤ ፒቪአይዲ ሌላ ነው፤ ከላይ በተነገረው የፐርልማን ሥርዐት ሣጥኖቹ ሽቦ ለመምረጥ የሚነጋገሩበት የበር መታወቂያም ሦስተኛ ነው። ይህ ሦስተኛው ከቅድሚያና ከተራ ቁጥር የተገጠመ 16 ቢት ነው፤ ቅድሚያውም ካልተለወጠ 128 ነው። በር 5 ስለ ተባለ መረብ 5 ነው ማለት አይደለም። ሰው ለማስታወስ እንዲቀልለው በር 5ን ለመረብ 5 ቢሰጥ ይችላል፤ ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው ሠራተኛ ግን ልማዱን ደንብ አድርጎ ይወስደዋልና ባያደርገው ይሻላል።

ሁለት ስዊች ሲገናኙ ነገሩ ይረቃል። በመካከላቸው ያለው አንድ ሽቦ ትራንክ ይባላል፤ የ10ን፣ የ20ን፣ የ30ን ፍሬም ሁሉ ይሸከማል፤ እያንዳንዱም መለያውን ለብሶ ስለሚሄድ በወዲያ ያለው ስዊች ሳይሳሳት ይለየዋል። ነገር ግን በትራንክ ላይ ያለ መለያ እንዲሄድ የተፈቀደለት አንድ መረብ አለ፤ ኔቲቭ ቪላን ይሉታል። ይህም የተደረገው መለያ የማያውቅ አሮጌ ዕቃ በመካከል ቢኖር እንዳይቈረጥ ነው። በወዲህ ያለው ስዊች ኔቲቩ 1 ነው ቢል፣ በወዲያ ያለው 10 ነው ቢል፣ ከዚህ የ1 ተብሎ ራቁቱን የወጣው ፍሬም እዚያ ሲደርስ የ10 ይባላል። የሕሙማን መዝገብና የማንም ነገር ይደባለቃሉ። ሁለቱ ስዊቾች የአንድ ኩባንያ ሆነው እርስ በርስ የሚነጋገሩ ከሆነ አለመስማማቱን ለሠራተኛው ይጽፉለታል፤ ካልሆነ ግን እያንዳንዱ በራሱ ዘንድ ትክክል ነው፤ ስሕተቱ የሚገኘው ሁለቱን መዝገብ ጎን ለጎን አድርጎ ለሚያነብ ሰው ብቻ ነው።

ተንኰለኛ ሰው ይህንኑ ኔቲቭ መግቢያ ሊያደርገው ይችላል። እንዴት ቢሉ፣ የእርሱ በር ቁጥርና የትራንኩ ኔቲቭ ቁጥር አንድ የሆነ እንደ ሆነ፣ በራሱ ኮምፒዩተር በፍሬሙ ላይ ሁለት መለያ ደራርቦ ይጽፋል፤ በውጭ የኔቲቩን ቁጥር፣ በውስጥ የሚፈልገውን የሒሳብ ክፍል ቁጥር። የመጀመሪያው ስዊች የውጩን አይቶ «ይህማ ያለ መለያ የሚሄድ ነው» ይልና ገፎ ወደ ትራንኩ ይለቀዋል። ሁለተኛው ስዊች ሲደርሰው የሚያየው የውስጡን ነው፤ ስለዚህ ያለ ጥርጥር ወደ ሒሳብ ክፍል ያስገባዋል። ሰምና ወርቅ ለለመደ አንባቢ ነገሩ አይከብደውም፤ ሰሙ በመጀመሪያው በር ቀለጠ፤ ወርቁ በሁለተኛው ታየ። መልሱ በዚሁ መንገድ አይመለስለትምና ተንኰለኛው መላክ እንጂ መቀበል አይችልም፤ ቢሆንም መላክ ብቻ የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። መከላከያው ማንም ሰው የማይሰካበትን አንድ ቁጥር ለኔቲቭነት መስጠት፣ ወይም ስዊቹ የሚፈቅድ ከሆነ ኔቲቩም መለያ እንዲለብስ ማዘዝ ነው።

ደንቡ ለበረኛው ሌላም ሥልጣን ሰጥቶታል። በሩ መለያ የለበሰውን ብቻ፣ ወይም ያልለበሰውን ብቻ፣ ወይም ሁሉን እንዲቀበል ማዘዝ ይቻላል። ደግሞ መለያ ለብሶ የመጣው ፍሬም በሩ አባል ያልሆነበትን ቁጥር የያዘ እንደ ሆነ ወዲያው እንዲጣል ማድረግ ይቻላል። ነገር ግን በደንቡ ጽሑፍ መነሻው ሁሉን መቀበል ነው፤ ይህኛውም ማጣሪያ ሠራተኛ ካላበራው ጠፍቶ የሚጀምር ነው። አንዳንድ ሠሪዎች በራሳቸው ጥንቃቄ አብርተውት ይሸጣሉ፤ ዕቃውን የገዛ ግን ማየት አለበት እንጂ ማመን የለበትም። በጠረጴዛው ላይ ያለ ሰው በራሱ ኮምፒዩተር የፈለገውን ቁጥር ሊጽፍ ይችላልና፣ ማጣሪያ የሌለው በር የመጣው ሁሉ የነገረውን ስም እንደሚያምን ዘበኛ ነው።

ታዲያ በሩ ሁሉ ያልለበሰውን ብቻ ይቀበል ቢባል ስልኩ ይቀራል። በዛሬው መሥሪያ ቤት የጠረጴዛው ስልክ በግድግዳው መሰኪያ ይሰካል፤ ኮምፒዩተሩ ደግሞ በስልኩ ጀርባ ይሰካል። ስልኩ ድምፁን በመለያ ይልካል፤ ድምፅ እንዳይቈራረጥ ቅድሚያም ይጽፍበታል፤ ኮምፒዩተሩ ግን ያለ መለያ ይልካል። ስለዚህ አንዱ በር ሁለቱንም እንዲቀበል ግድ ይሆናል፤ ሠራተኛውም የድምፁንና የኮምፒዩተሩን ቁጥር ብቻ ፈቅዶ ሌላውን መዝጋት ይገባዋል።

4094 ቁጥር ለአንድ ሐኪም ቤት ይተርፋል፤ የብዙ ሺህ ደንበኞችን ኮምፒዩተር በአንድ አዳራሽ ለሚያኖር ኩባንያ ግን አልበቃም። በ2005 ዓ.ም. በመለያ ላይ መለያ መደረብ በሕጋዊ መንገድ ተፈቀደ፤ የውጩም መታወቂያ ከ8100 እንዲለይ 88ኤ8 ተባለ። በ2014 ዓ.ም. ቪኤክስላን የተባለ ሥርዐት ታተመ፤ ቁጥሩ 24 ቢት ስለ ሆነ 16,777,216 ይደርሳል። ቁጥሩ በዛ እንጂ ፍሬሙን ቁጥር የሚሰጠው በመግቢያው ላይ የተጻፈው ነገር መሆኑ አልተለወጠም።

ብዙ ጊዜ ጥፋት የሚገኘው ግን ከእንደዚህ ካለው ታላቅ አዳራሽ ሳይሆን ከትንሹ ጓዳ ነው። የሒሳብ ክፍሉ ከምድር ቤት ወደ ፎቅ ተዛወረ፤ ጠረጴዛውና ወንበሩ ተጓዘ፤ ክፍሉም የባለጉዳይ መቆያ ሆነ። በግድግዳው ላይ ያለው መሰኪያ ግን በቦታው ቀረ፤ በስዊቹም ላይ የዚያ በር ቁጥር እንደ ዱሮው 20 ነው። ባለጉዳዩ ኮምፒዩተሩን ይዞ ተቀመጠ፤ መሰኪያውንም አየ። ጥንቁቅ ሠራተኛ ያለበት ቤት የሆነ እንደ ሆነ፣ ዕቃው በተጓዘበት ቀን ያ በር ተዘግቷል፤ ቁጥሩም ማንም ወደማይኖርበት ወደ 999 ተለውጧል፤ በደብተሩም ላይ ቀኑና የሠራተኛው ስም ተጽፏል። ባለጉዳዩም ሽቦውን ቢሰካ መብራቱ አይበራለትም፤ ተነሥቶ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይሄድና በሩ እንዲከፈትለት ይጠይቃል።